ሜሪ ጆንስና ጥንቸል የፈራው ሕፃን

ሕፃንን ማስፈራራት ለማንም ቀላል ነገር ነው። የሚያለቅሰውን ልጅ ዝም ለማሰኘት አያ ጅቦ መጣ ማለት ይበቃል። ልጁም ወዲያው ጸጥ ይላል። ነገር ግን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ መብራት ሲጠፋ የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ አልለቅም ቢል፣ በደጅ ኮሽታ በሰማ ቍጥር ቢንቀጠቀጥ፣ የነገሩን መነሻ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። ማስፈራራቱ የአንድ አፍታ ሥራ ሲሆን ፍርሃቱን ማስለቀቁ ግን የወራት ድካም ይጠይቃል። ይህን የወራት ድካም በሥርዓት ደክመው፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየመዘገቡ፣ የፈራ ሕፃን ከፍርሃቱ ሊላቀቅ እንደሚችል አስቀድመው ካሳዩት ሊቃውንት አንዷ አሜሪካዊቷ ሜሪ ከቨር ጆንስ ናቸው።

ዛሬ በብዙ አገሮች የሕፃናትንና የወጣቶችን ጭንቀት የአስተሳሰብና የጠባይ ሕክምና በሚባለው ዘዴ የሚረዱ ባለሙያዎች ይገኛሉ። ይህ ሙያ ከብዙ ምንጮች የተቀዳ ቢሆንም፣ ከምንጮቹ አንዱ በ1924 ዓ.ም. ታሪኩ የታተመው ጥንቸል ይፈራ የነበረ የኒውዮርክ ሕፃን ነው። እኛም የእኒህን ሴት የሕይወት ታሪክ ለአንባብያን፣ ይልቁንም በትምህርት ላይ ላሉትና ሥራ ለጀመሩት ወጣቶች ይጠቅማል ብለን ስላመንን በዛሬው እትማችን ልናቀርበው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ትውልዳቸውና ትምህርታቸው

ሜሪ ከቨር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ፔንሲልቬንያ በሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት በጆንስታውን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋዴ ነበሩ። ሜሪም ከትውልድ ከተማቸው ወጥተው ቫሳር ወደ ተባለው ኮሌጅ ገቡ። ይህ ኮሌጅ በዚያን ዘመን የሴቶች ብቻ ኮሌጅ ሲሆን በትምህርቱ ደረጃ ከፍ ያለ ስም ነበረው። እዚያም ሥነ ልቡና የተባለውን፣ የሰውን አስተሳሰብና ጠባይ የሚመረምረውን ትምህርት ወደዱት፤ በኮሌጁ የሚሰጠውንም የሥነ ልቡና ትምህርት ከአንዱ በቀር ሁሉንም ወሰዱ።

ያ አንዱ የቀረው ፈልገው ያጡት ትምህርት ነው። የክፍሉ አስተማሪ ማርጋሬት ዎሽበርን ነበሩ። ዎሽበርን በአሜሪካ በሥነ ልቡና የዶክተርነት ማዕርግ በመቀበል ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሲሆኑ፣ በተማሪዎቻቸው ዘንድ በጥብቅነታቸው የታወቁ ሊቅ ነበሩ። ወጣቷ ሜሪ በቤተ ሙከራ ትምህርት ያገኙት ነጥብ ዝቅ ያለ ስለ ነበረ፣ ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ወደሚሰጠው ልዩ ትምህርት ሊገቡ ቢጠይቁ አይሆንም ተባሉ። በቤተ ሙከራ ሥራ ደከም ትላለች የተባለችው ተማሪ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው በሥነ ልቡና የሙከራ ታሪክ ውስጥ ስሟ ከማይረሳ ሰዎች መካከል ልትቈጠር መሆኑን በዚያን ቀን ማንም አልገመተም። በፈተና ነጥብ ያዘነ ተማሪ ይህን ቢያስታውስ አይጐዳም።

በ1919 ዓ.ም. ሜሪ ከኮሌጁ ተመረቁ። በዚያው ዓመት ጸደይ በኒውዮርክ ከተማ ጆን ዋትሰን የተባሉት የሥነ ልቡና ፕሮፌሰር የሰጡትን ንግግር ሰሙ። ፕሮፌሰር ዋትሰን የሰው ልብ በስውር የሚያስበውን ትተን በዓይን የሚታየውን፣ በሰዓትና በሚዛን የሚለካውን ጠባዩን ብቻ እንመርምር የሚል አዲስ ትምህርት ያስፋፉ ነበር። ኋላም አልበርት በተባለው ሕፃን ላይ ሙከራ አካሄዱ። ሙከራውን ከእርሳቸው ጋራ ያካሄዱት ሮዛሊ ሬይነር የሜሪ የኮሌጅ ጓደኛ ነበሩ።

ሙከራው እንዲህ ነው። አልበርት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ነጭ አይጥ ቢያሳዩት እጁን ዘርግቶ ሊጫወትባት የሚፈልግ ጤናማ ሕፃን ነበር። ተመራማሪዎቹ ሕፃኑ አይጧን ሊነካ በተጠጋ ቍጥር ከበስተኋላው የብረት ዘንግ በመዶሻ እየመቱ በድምፁ ያስደነግጡት ጀመር። ይህም ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ብረቱ ባይመታም እንኳ ሕፃኑ አይጧን ሲያይ የሚያለቅስና የሚሸሽ ሆነ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ፍርሃቱ ከአይጥ አልፎ ወደ ጥንቸል፣ ወደ ውሻና ወደ ጠጕር ካፖርት ተዛመተ። በ1920 ዓ.ም. ይህ ሁሉ ታተመ። ይሁን እንጂ ሕፃኑ ፍርሃቱ ሳይወገድለት ከነበረበት ሆስፒታል ወጥቶ ሄደ። ፍርሃት በትምህርት እንደሚገባ ታወቀ፤ በትምህርት መውጣቱን ግን ያሳየ አልነበረም። እንዲህ ያለው ሙከራ ዛሬ በሕፃን ላይ እንዲደረግ የሚፈቅድ የምርምር ሕግ የለም።

ሜሪ ንግግሩን ሲሰሙ ሥነ ልቡናን የዕድሜ ልክ ሥራቸው ለማድረግ ቈረጡ። ከሁሉ የሳባቸውም ያልተመለሰው ጥያቄ ነበረ። ፍርሃትን ማስገባት ከተቻለ፣ በዚያው ሥርዓት ማስወጣት አይቻልምን?

ሰባው ሕፃናት

ሜሪ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ቀጥለው በ1920 ዓ.ም. የማስተርስ ማዕርግ ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመትም አብሯቸው ይማር ከነበረው ከሃሮልድ ጆንስ ጋራ ተጋቡ። ከትዳራቸውም ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። በ1923 ዓ.ም. በዚያው ዩኒቨርሲቲ በመምህራን ኮሌጅ ሥር በነበረው የትምህርት ምርምር ተቋም ተቀጠሩ። የሥራ ቦታቸው በከተማው ውስጥ በሚገኝ የሕፃናት ማቈያ ቤት ነበር።

በዚህ ቤት ከሦስት ወር ሕፃን እስከ ሰባት ዓመት ልጅ ድረስ ሰባ የሚሆኑ ልጆች ለምርመራ ተዘጋጁላቸው። ወይዘሮ ጆንስ እነዚህን ልጆች አላስፈራሩም። የትኛው ልጅ ከቤቱ ምን ፍርሃት ይዞ እንደ መጣ አይተው፣ ያን ፍርሃት ለማስለቀቅ ሰዎች በየቤታቸው የሚሞክሯቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ፈተኑ። ውጤቱ ለወላጅም ለመምህርም ትልቅ ትምህርት ስለ ሆነ በዝርዝር እናየዋለን።

አንደኛው መንገድ የሚፈራውን ነገር ማራቅ ነው። ልጁ ጥንቸል ከፈራ ጥንቸል እንዳያይ ይደረጋል። ሳምንታትና ወራት አልፈው ጥንቸሏ ስትመለስ ግን ፍርሃቱ እንደ ነበረ ተገኘ። ጊዜ ብቻውን መድኃኒት አልሆነም።

ሁለተኛው መምከር ነው። ጥንቸል ትፈራ ለነበረች አምስት ዓመት ገደማ ለሆናት ልጅ ስለ ጥንቸል በየቀኑ እየተነገራት፣ ሥዕልም እየታየች፣ ተረትም እየሰማች አንድ ሳምንት ዋለች። ልጅቱ ስለ ጥንቸል ማውራት ወደደች፤ እውነተኛዪቱ ጥንቸል ስትመጣ ግን እንደ ድሮዋ ሸሸች። ወሬው ጆሮን እንጂ ፍርሃቱን አልደረሰበትም።

ሦስተኛው መሣቅና መገሠጽ ነው። ፈሪ ተብሎ የተሣቀበት ልጅ ድፍረት አላገኘም፤ እንዲያውም ፍርሃቱ ሥር የሰደደበት ጊዜ ነበር። አራተኛው የሚፈራውን ነገር እያመጡ ዝም ብሎ መደጋገም፣ አምስተኛው ደግሞ ሐሳቡን በሌላ ጨዋታ ማስረሳት ነው። መደጋገሙ ከሸሸው ነገር ጋራ ግዴለሽ ሆኖ መቀመጥን ቢያመጣም መውደድን አላመጣም፤ ማስረሳቱም የረዳው ጨዋታው እስኪያልቅ ነው።

ያለ ማወላወል የሠሩት ሁለት መንገዶች ብቻ ሆኑ። አንዱ የሚፈራውን ነገር ከሚወደው ነገር ጋራ፣ ይኸውም በራበው ሰዓት ከሚጣፍጥ ምግብ ጋራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ማቀራረብ ነው። ሁለተኛው የማይፈሩ ልጆች በዚያው ነገር ሲጫወቱ እያየ እንዲከተል ማድረግ ነው። ሆኖም ወይዘሮ ጆንስ ስለ ሁለቱም ማስጠንቀቂያ ጽፈዋል። ምግቡንና ጥንቸሏን የሚያቀራርበው ሰው ከቸኰለ፣ ልጁ ጥንቸሏን በመውደድ ፈንታ ምግቡን ሊፈራ ይችላል። በሁለተኛውም መንገድ ቢሆን፣ ከማይፈራ ልጅ ድፍረት እንደሚወረስ ሁሉ ከሚፈራው ልጅ ፍርሃት ይወረሳል። ጥንቸል ከቶ የማይፈራ አንድ ሕፃን ከምታለቅስ ልጅ ጋራ ከተቀመጠ በኋላ ራሱም ፈሪ ሆኖ ተገኝቷል።

የፒተር ታሪክ

ከልጆቹ ሁሉ ስሙ በመጻሕፍት የቀረው ፒተር ነው። ሥራው ሲጀመር ሦስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። በጤናውም በአእምሮውም እንደ እኩዮቹ ነው። ግን ነጭ አይጥ፣ ጥንቸል፣ የጠጕር ካፖርት፣ ላባ፣ ጥጥ፣ እንቍራሪትና ዓሣ ይፈራል። ማንም ሰው በቤተ ሙከራ አላስፈራራውም፤ ይሁን እንጂ ያን የአልበርትን ፍርሃት አድጎ በሌላ ልጅ ላይ ያዩት ያህል ሆኖ ታያቸው። ከሁሉ አብልጦ የሚፈራት ጥንቸሏን ስለ ነበረ ሥራው በእርሷ እንዲጀመር ተወሰነ።

መጀመሪያ ፒተር በየቀኑ ከሦስት ልጆች ጋራ እንዲጫወት ተደረገ። ሦስቱ ጥንቸል የማይፈሩ ተብለው የተመረጡ ናቸው። ጥንቸሏም በጨዋታው ሰዓት ለጥቂት ጊዜ ወደ ክፍሉ ትገባለች። በመጀመሪያው ቀን በሽቦ ሳጥን ተዘግታ በክፍሉ የትኛውም ማዕዘን ብትቀመጥ ፒተር ይጮኽ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ሳጥኑ 12 ጫማ፣ ማለት ሦስት ሜትር ተኩል ያህል፣ ርቆ ሲቀመጥ ታገሠ። ከዚያም በ4 ጫማ፣ ከዚያም በ3 ጫማ፣ ከዚያም ከአጠገቡ ታገሠ። ቀጥሎ ጥንቸሏ ከሳጥኑ ወጥታ በክፍሉ ውስጥ ስትዘዋወር ተቀመጠ። ቀጥሎም ሌላ ሰው ይዟት ሳለ በጣቱ ነካት።

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን? የፒተርም ነገር እንዲሁ ነበር። ነገር ግን መንገዱ ሁሉ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ አልነበረም። አንዳንድ ቀን ሁለት እርምጃ ይራመዳል፤ በማግሥቱ አንዱን ይመለሳል። በክፍሉ ውስጥ የሚፈራ ልጅ ከገባ የእርሱም ፍርሃት ይመለሳል፤ የሚወደው አንድ ተማሪ ረዳት ሲገኝ ግን ድፍረቱ ይጨምራል። ወይዘሮ ጆንስ እያንዳንዱን ቀን መዘገቡ፤ የከፋውንም ቀን አልደበቁም።

ከዚያ በኋላ ያልታሰበ ነገር መጣ። ፒተር ስካርሌት በሚባል ተላላፊ የትኩሳት በሽታ ተይዞ ሁለት ወር ያህል ሆስፒታል ተኛ። ድኖ በወጣበት ቀን ከነርሷ ጋራ በሆስፒታሉ በር ታክሲ ሲሳፈሩ አንድ ትልቅ ውሻ እየሮጠ መጥቶ ዘለለባቸው። ልጁ ደነገጠ። ነርሷም ደነገጠች፤ መደንገጧንም ልጁ አየ። ወደ ማቈያው ቤት ሲመለስ የወራቱ ድካም ጠፍቶ የጥንቸሉ ፍርሃት እንደ መጀመሪያው ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቈርጣል። ወይዘሮ ጆንስ ግን ከፕሮፌሰር ዋትሰን ጋራ ተማክረው ሁለተኛውን መንገድ፣ የምግቡን መንገድ፣ ጀመሩ። ፒተር ከፍ ባለው የሕፃን ወንበሩ ተቀምጦ የሚወደውን ሲበላ ጥንቸሏ በሽቦ ሳጥን ውስጥ ሆና ትመጣለች። ሳጥኑ የሚቀመጠው ልጁ መብላቱን እስከማያቋርጥበት ርቀት ድረስ ነው። በማግሥቱ ጥቂት ይቀርባል። የማይፈራ ልጅም ሲገኝ አብሮ ይቀመጣል። አንድ ቀን ፒተር ጥንቸሏን ወደ ሳጥኗ ለመመለስ ሲረዳ ጥቂት ጫረችውና ወደ ኋላ መለሰው፤ እርሳቸውም ተመልሰው ከታች ጀመሩ። በመጨረሻም ፒተር ጥንቸሏን ታቅፎ የሚያሻሽ፣ ጣቱን ስትቀምሰው የማይሸሽ፣ ከእርሷ ጋራ ብቻውን በክፍል የሚቀመጥ ልጅ ሆነ።

ከዚህም የሚደንቀው ሌላው ነው። ጥጡን፣ ላባውንና የጠጕር ካፖርቱን ማንም ሳያስተምረው ፍርሃቱ ከእነርሱም ለቀቀ። ከዚያ በፊት አይቷቸው የማያውቃቸውን አይጥና የምድር ትሎች ቢያመጡለት በመጀመሪያ ጥቂት ቢያመነታም ኋላ ትሎቹን እንደሚጠብቃቸው ሆኖ ተሸከማቸው። ፍርሃት ከነገር ወደ ነገር እንደሚዛመት ሁሉ ድፍረትም ይዛመታል ማለት ነው።

ይህ ታሪክ በ1924 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ታተመ። የጽሑፉ መዝጊያ ግን የድል መዝጊያ አልነበረም። ወይዘሮ ጆንስ ፒተር ወደ ቤቱ መመለሱን፣ ያም ቤት የተጨናነቀና ችግር የበዛበት መሆኑን፣ ታላቅ እኅቱም መሞቷን፣ እናቱም ልጃቸው ከቤት እንዳይርቅ ሌባ ሊወስድህ ነው እያሉ ያስፈራሩት እንደ ነበረ በግልጽ ጻፉ። ከጥንቸል ያላቀቁትን ልጅ ወደሚያስፈራራ ቤት መልሰው ሰደዱት። ይህ አሳብ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ሳይከተላቸው አልቀረም ብለን እንድናምን የሚያደርገን፣ ኋላ የሠሩት ሥራ ነው።

በርክሌይ

ሜሪ ጆንስ በ1926 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርጋቸውን ተቀበሉ። የተቀበሉትም በፒተር ታሪክ ሳይሆን፣ ከ300 በላይ በሆኑ ሕፃናት ላይ ስለ ሕፃናት የመጀመሪያ ጠባይ ዕድገት ባደረጉት ጥናት ነው። ስለ ፒተር የጻፉት ጥቂት ገጾች ብቻ ነበሩ፤ ለሠላሳ ዓመት ያህልም ጥቂት ሰዎች ካልሆኑ በቀር አላነሧቸውም።

በ1927 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ ወደ ካሊፎርንያ ሄዱ። ሃሮልድ ጆንስ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ደኅንነት ተቋም የምርምር ዲሬክተር ሲሆኑ፣ ሜሪ ደግሞ የምርምር ረዳት ሆኑ። በዚያን ጊዜ ባልና ሚስት በአንድ የትምህርት ክፍል እንዳይቀጠሩ የሚከለክል ደንብ ስለ ነበረ፣ በዕውቀታቸው ለመምህርነት የሚበቁት ዶክተር ጆንስ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ያለ መምህርነት ማዕርግ ሠሩ። ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑት በ1959 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ባላቸውም በ1960 ዓ.ም. ሞቱ። ስለዚህ ነገር ማማረርን እንጂ ሥራን ቢተዉ ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር።

የዚያ ዘመን ዋና ሥራቸው በኦክላንድ ከተማ የተካሄደው የዕድገት ጥናት ነው። በ1932 ዓ.ም. ከአምስት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁለት መቶ ያህል ልጆች ተመርጠው፣ ሰውነታቸውና ጠባያቸው በየጊዜው ይመዘገብ ጀመር። ልጆቹ ወጣቶች ሆኑ፤ ወጣቶቹ ወላጆች ሆኑ፤ ወላጆቹ ሸበቱ፤ ጥናቱ አልተቋረጠም። ዶክተር ጆንስ እነዚህን ሰዎች በስማቸው ያውቋቸው ነበር።

ከዚህ ጥናት የወጣ አንድ ነገር ለወጣቶች ይጠቅማል። ዶክተር ጆንስ ሰውነታቸው ቶሎ የጐለመሰውንና የዘገየውን ወንዶች ልጆች አነጻጸሩ። ቶሎ የጐለመሱት በትምህርት ቤት የተከበሩና አለቃ የሚሆኑ ሲሆኑ፣ የዘገዩት ደግሞ የሚቅበጠበጡና ትኵረት ለማግኘት የሚጣጣሩ ሆነው ተገኙ። ሠላሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ግን የቁመናው ልዩነት ጠፋ። የቀደሙት ኀላፊነትን የሚወዱ ቢሆኑም ከተለመደው የማይወጡ፣ የዘገዩት ደግሞ ራሳቸውን በሚገባ የሚያውቁና ለለውጥ የማይቸገሩ ሆነው የተገኙበት ነገር ነበረ። እንግዲህ በአሥራ አምስት ዓመቱ ከእኩዮቹ አጠረሁ ብሎ የሚያዝን ልጅ ፍርድ ገና አልተሰጠበትም።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት

በዚህ መካከል ጆሴፍ ዎልፒ የተባሉ የደቡብ አፍሪካ ሐኪም ፍርሃት ስለ ያዛቸው ድመቶች ያጠኑ ነበር። ድመቶቹን ከፈሩበት ቦታ ርቆ በሚቀመጥ ምግብ እየመገቡ፣ ምግቡንም ወደ ቦታው እያስጠጉ ፍርሃቱን አስለቀቁ። ይህም ፒተር በወንበሩ ላይ ከተቀመጠበት ጋራ አንድ መንገድ ነው። ዎልፒ በ1958 ዓ.ም. ስለ ሕክምናው ታላቅ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ቀዳሚነቱንም ለሜሪ ጆንስ ሰጥተው የጠባይ ሕክምና እናት ብለው ሰየሟቸው። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቻቸው ውሻ የሚፈሩ ሕፃናት ሌላ ልጅ ከውሻ ጋራ ሲጫወት እያዩ ፍርሃታቸው እንደሚቀንስ አሳዩ። የፒተር ሦስት ጓደኞች ሥራ ከአርባ ዓመት በላይ ቈይቶ ተመሰከረለት።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት አልበርት ኤሊስና አሮን ቤክ የሚያስጨንቀው ነገሩ ብቻ ሳይሆን ሰው ስለ ነገሩ የሚያስበው አሳብም ነው ሲሉ አስተማሩ። የጠባዩ ሕክምናና የአስተሳሰቡ ሕክምና ሲገናኙ ዛሬ በሕፃናትና በወጣቶች ዘንድ የሚሠራበት ሙያ ተገኘ።

ባለሙያው እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንይ። ውሻ የምትፈራ የአሥር ዓመት ልጅ መጣች እንበል። ባለሙያው ከልጅቱ ጋራ ተቀምጦ የፍርሃት መሰላል ይሠራል። ከታችኛው ደረጃ የውሻ ሥዕል ማየት፣ ከዚያ ላይ ውሻን በመስኮት ማየት፣ ከዚያም ታስሮ ሳለ ከሩቅ መቆም፣ በላይኛው ደረጃ መዳበስ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ደረጃ ልጅቱ ራሷ ከዜሮ እስከ አሥር የፍርሃት ነጥብ ትሰጣለች። በአንዱ ደረጃ ፍርሃቱ እስኪቀልላት ትቈያለች፤ ደጋግማም ትሠራዋለች፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ትወጣለች። ውሻ ሁሉ ይነክሰኛል የሚለውንም አሳቧን እንደ አንድ ግምት ይዛ፣ የሆነውንና የጠበቀችውን እያነጻጸረች ትመረምረዋለች። ወላጆቿም ከሚያስፈራው ነገር ሁሉ እየሸሸጉ ፍርሃቷን እንዳያሳድጉባት፣ ጨክነውም እንዳይገፏት ይመከራሉ። በዚህ ሥራ ልጅቱ የምትታከም ብቻ ሳትሆን አብራ የምትሠራ ናት። ርቀቱንም የምትወስነው እርሷ ናት፤ የጥንቸሏን ሳጥን ርቀት የወሰነው የፒተር አበላል እንደ ነበረ ማለት ነው።

የመጨረሻው ቃላቸው

በ1974 ዓ.ም. ዶክተር ጆንስ ስለ አልበርት፣ ስለ ፒተርና ስለ ዋትሰን ትዝታቸውን ጻፉ። የጠባይ ሕክምና እናት የተባሉት ሴት ስማቸውን ባስጠራው ሥራ ብቻ ሊኰሩ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ሌላ ነገር ተናገሩ። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ልጆች አድገው ሰው ሲሆኑ ካዩ በኋላ፣ የአንድን የሦስት ዓመት ሕፃን ፍርሃት ብቻውን ነጥሎ ማከም እንደማያረካቸው፣ ልጁ ከዚያ በኋላ ምን እንደ ደረሰ መከታተልና እርሱንም የሚጸናም የሚለወጥም ኀይል በውስጡ ያለው ውስብስብ ሰው አድርጎ መመልከት እንደሚገባ ገለጡ። ከሃምሳ ዓመት በፊት ወደ ቤቱ የተመለሰው ፒተር በዚያ ቃል ውስጥ ይታየናል።

ዶክተር ሜሪ ከቨር ጆንስ በ1987 ዓ.ም. በሐምሌ ወር በካሊፎርንያ ሳንታ ባርባራ ከተማ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኗቸው ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ብዙዎቻችን መምህራን፣ ሐኪሞች፣ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች፣ ከሁሉም በላይ ወላጆች ለመሆን የምንዘጋጅ ነን። በእጃችን ሥር የፈራ ልጅ፣ የፈራ ተማሪ ወይም የፈራ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ሦስቱ መንገዶች ወዲያው ይታዩናል። ወይ ከሚፈራው ነገር እናርቀዋለን፤ ወይ እንመክረዋለን፤ ወይ እንሥቅበታለን። ሦስቱም ቀላልና ፈጣን ናቸው፤ ሦስቱም እንዳልሠሩ ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት ተፈትኖ ታውቋል። የሠራው መንገድ ከልጁ ጋራ መቀመጥ፣ እርሱ ከሚችለው ርቀት መጀመር፣ ነገ ጥቂት መቅረብ፣ ውሻው በር ላይ ዘሎ ሁሉን ቢያፈርሰውም ሳይሰለቹ ከታች መጀመር ነው። ከዚያም በኋላ ልጁ የሚመለስበት ቤት ምን ዓይነት እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያውን ሜሪ ጆንስ በወጣትነታቸው ሠሩት፤ ሁለተኛውን ለመማር ግን ዕድሜያቸውን ሁሉ ሰጡበት።